እንቁላል ያገላበጠው የፕሪንተር ሞተር

ጋምቤላ ሥራ የጀመርኩት ክልሉ ገና ክልል መሆንን በሚለማመድበት ዘመን ነው። ቢሮዎቹ አዲስ ነበሩ። ጠረጴዛ ያገኘው ወንበር የለውም፤ ወንበር ያገኘው ማኅተሙን ይጠብቃል። ከጅማ በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቄ፣ በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጬ ከጎሬ ቁልቁል ስወርድ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከልብስ ሻንጣዬ ሌላ የያዝኩት አንድ ቴስተር፣ አንድ ፒንሳና ሦስት ካቻቢቴ ነው።

የጥገና ክፍሉ ኃላፊ አቶ ተሾመ የምደባ ደብዳቤዬን ተቀብለው አነበቡና ከኋላዬ ወዳለው በር ተመለከቱ። ደብዳቤው «ለአቶ ሙሉ ታፈሰ» ይላል፤ እሳቸውም አቶ ሙሉ እስኪገባ እየጠበቁ ነበር። ሙሉ እኔ፣ ሴቷ፣ መሆኔን ስነግራቸው ደብዳቤውን እንደገና አነበቡት። ቅሬታቸውን አልደበቁም፤ ጄነሬተር የሚሸከም ጎረምሳ ላኩልኝ ብለው እንደነበር ነገሩኝ። ጄነሬተር የሚሸከም ሳይሆን የሚጠግን ከሆነ የፈለጉት እኔ አለሁ አልኳቸው። ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው የመጀመሪያዬን የሥራ ማዘዣ ጻፉልኝ።

ማዘዣው የላከኝ ወደ ዶሮ እርባታ ጣቢያው ነው። ከትልልቅ ማንጎ ዛፎች ሥር ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ቁም ሳጥን የሚያክል የእንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን ቆሟል። ሙቀቱን የሚያገኘው ከላምባ ማንደጃ ነው። በውስጡ መደዳውን የተደረደሩ የእንቁላል ትሪዎች አሉ፤ ሁሉም በአንድ ዘንግ ተያይዘው አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ያዘነብላሉ። ዘንጉን የሚገፋው ሞተር ግን ቆሟል። ክዳኑን ስከፍት የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ፊቴን መታኝ። ጠመዝማዛው ሽቦ ከሰል ሆኗል።

ማሽኑን የምትጠብቀው አሪየት ነበረች፤ ረጅም፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል የምትበልጥ የአኝዋ ሴት። አማርኛን የተማረችው ገበያ ውስጥ ስለሆነ «አንቱ» የሚባለው ነገር አይገባትም። አቶ ተሾመንም፣ የእርባታውን ኃላፊም «አንተ» ትላለች፤ ማንም ተቀይሟት አያውቅም። እኔም በመጀመሪያው ቀን አንቱ ብላት ዞር ብላ ሌላ ሰው መኖሩን አየች። ከዚያ በኋላ አንቺ ተባባልን።

እንቁላል ዶሮዋ ስትታቀፈው በእግሯ ታገላብጠዋለች። ማሽን ውስጥም እንዲሁ በየሦስት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት፤ አለበለዚያ ፅንሱ ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ ይሞታል። ሞተሩ ከተቃጠለ ጀምሮ ይህን የምትሠራው አሪየት ነች። በቀን ስምንት ጊዜ በሩን ትከፍታለች፣ ዘንጉን በእጇ ትገፋለች፣ ትዘጋለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱና እርጥበቱ ይወጣል። እንቅልፏ የተቆራረጠ ነበር። ጎግ ወረዳ ያሉትን እናቷን ካየች ዓመት ሊሞላት ነው።

ሞተሩ እንደማይድን ለአቶ ተሾመ ሪፖርት አደረግሁ። እሳቸውም መለዋወጫ እንዲላክ ወደ አዲስ አበባ ጻፉ። መልሱ ከአራት ወር በኋላ መጣ፤ የዚህ ዓይነት ማሽን መሠራት ካቆመ ቆይቷል ይላል። በእነዚያ አራት ወራት እንቁላል ሁለት ጊዜ ገብቶ አብዛኛው ሳይፈለፈል ቀርቷል።

የእርባታው ኃላፊ አንድ ቀን ወደ ክፍሏ መጥተው ለአሪየት ውሳኔያቸውን ነገሯት። እንቁላሉ ከደጋ ድረስ በመኪና እየተንገጫገጨ የሚመጣው ለጎግ ሴቶች ጫጩት ሊከፋፈል እንጂ ሊበላሽ አይደለም። አንድ ዙር ብቻ ይሞከራል። እሱም ካልሆነ ማሽኑ ወደ ሌላ ቦታ ይጫናል፤ እሷም ወደ ችግኝ ጣቢያ ትዛወራለች። አሪየት ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችምም። ትሪዎቹን በእርጥብ ጨርቅ እየወለወለች፦

«ችግኝ ድምፅ የለውም» አለች። «እኔ ጫጩት ነው የምወደው።»

ያን ሰሞን በአንዱ ቢሮ ባለ መርፌ ፕሪንተር ከጄነሬተር በመጣ ኃይለኛ ቮልቴጅ ተመትቶ ወደ ወርክሾፓችን መጥቶ ነበር። የኃይል ሰሌዳው ነዷል። ስፈታው ግን ሁለቱ ሞተሮች ደህና ናቸው፤ አንዱ የመርፌውን ጭንቅላት ወዲያና ወዲህ የሚጎትት፣ ሌላው ወረቀቱን የሚያሽከረክር። እነዚህ ስቴፐር የሚባሉት ዓይነት ናቸው። ተራ ሞተር መብራት ስትሰጡት ዝም ብሎ ይሮጣል። ስቴፐር ግን በትእዛዝ አንድ እርምጃ ብቻ ይሄድና ይቆማል። የእኔው ለአንድ ሙሉ ዙር ሁለት መቶ እርምጃ ይፈልግ ነበር። ቀስ ብሎ፣ ሳያናጋ፣ በልክ መሄድ ይችላል። እንቁላል የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

አቶ ተሾመ ሐሳቡን ሲሰሙ ፕሪንተሩ ከንብረት መዝገብ ስላልተሰረዘ አንዲት ብሎን ከእሱ መውሰድ እንደማልችል ነገሩኝ። ለመሰረዝ ኮሚቴ ያስፈልጋል፤ ኮሚቴው ደግሞ ገና አልተቋቋመም። ሁለት ቀን አሰብኩና በሥራ ካርዱ ላይ «ለጥገና ተፈትቷል» ብዬ ጻፍኩ። ካርዱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጥገናው መቼ እንደሚያልቅ ጠየቁኝ። አስቸጋሪ ጥገና ነው አልኳቸው። ፈረሙበት።

ሞተር ተገኘ። አሁን የሚያዘው ጠፋ። አራቱን የሞተር ጠመዝማዛዎች በተራ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ መብራት የሚሰጥ፣ በየሦስት ሰዓቱም ራሱ አስታውሶ የሚጀምር ነገር ያስፈልጋል። ይህን ከማን ጋር እንደምመክር ስጠይቅ ሁሉም የጠቆሙኝ ገበያ ውስጥ ሬዲዮ የሚጠግነውን ጋትሉዋክን ነው።

ጋትሉዋክ ኑዌር ነው። ቤተሰቡ ከፊሉ ድንበር አጠገብ ባለችው ማታር፣ ከፊሉ ከድንበሩ ማዶ ሱዳን ይኖራል። ካርቱም ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ ነበር፤ ጦርነቱ ግን ትምህርቱን ሳያስጨርሰው ወደዚህ አሻገረው። አማርኛው ጥቂት ነበር፤ በእንግሊዝኛና በወረቀት ላይ በምንስለው ሥዕል ተግባባን። ጉዳዬን ሰምቶ ሲጨርስ ከመሳቢያው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ሰሌዳ ነች። ውጭ አገር ያለ ወንድሙ ለመማሪያ ብሎ የላከለት ማይክሮኮንትሮለር ነበር፤ ትእዛዝ ከጻፉባት በኋላ ያለ ኮምፒውተር ብቻዋን የምትሠራ ቺፕ። ዛሬ ልጆች በየሱቁ ከሚገዟቸው ሰሌዳዎች አያቶች አንዷ ናት ማለት ይቻላል።

ሰሌዳዋን ለሁለት ዓመት አስቀምጧት ነበር፤ ትእዛዙን የሚጽፍበት ኮምፒውተር አጥቶ። ወደ ቢሮዎች ሄዶ ሲጠይቅ የሬዲዮ ጠጋኝ ኮምፒውተር ምን ያደርግለታል ብለው መልሰውታል። የቢሮዎቹን ኮምፒውተር የምጠግነው ደግሞ እኔ ነኝ። ሰሌዳዋን ለእንቁላሉ ይሰጠን እንደሆነ ጠየቅሁት። መልሱ የትኛው ቢሮ፣ በስንት ሰዓት የሚል ነበር።

የቀትሩ ሙቀት ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ የሚጋደምበት ሰዓት ላይ፣ የአንዱ ቢሮ ጸሐፊ ወጥታ እስክትመለስ፣ ትእዛዙን እንጽፍ ነበር። አቶ ተሾመ ያስፈቀዱልን ለሳምንት ነው። እኔ የሞተሩን ሽቦዎች ለየሁ። ስድስት ናቸው። በቴስተር ስለካቸው በሁለቱ ጫፎች መካከል የሚገኘው ሙሉ ኦም፣ ማለትም የሽቦው የመቋቋም ልክ፣ ከመካከለኛው ወደ ጫፍ ያለው ግማሹ ነው፤ እንደዚህ እያልኩ መካከለኞቹንና ጫፎቹን አወቅኋቸው። የቺፗ እግር የሚያወጣው ኃይል አንዲት ትንሽ አምፖል እንኳ በደንብ አያበራም፤ ስለዚህ በመካከል ሞተሩን የሚሸከም የድራይቨር ሰሌዳ ሠራሁ። በአራት ትራንዚስተር፣ ለእያንዳንዱ ጠመዝማዛ አንድ፣ በስታኞ በየድኩት።

የመጀመሪያው ሰሌዳ ወዲያው ጨሰ። ጋትሉዋክ አይቶት ራሱን ነቀነቀ። ጠመዝማዛ መብራቱ ሲቋረጥበት የያዘውን መልሶ ይረጫል፤ መውጫ ካልተሰጠው ትራንዚስተሩን ይገድለዋል። ከተበላሹ ሬዲዮዎች ዳዮድ፣ መብራትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን፣ ነቅሎ ለእያንዳንዱ መውጫ አበጀለት። ይህን ከመጽሐፍ ተምሬው ነበር፤ ያመንኩት ግን ጭሱን ካሸተትኩ በኋላ ነው።

ሞተሩን በመኪና ባትሪ አስነሥተን ለአሪየት ልናሳያት ይዘንላት ሄድን። ቁልፉን ስጫነው አልዞረም። ባለበት እየተርገፈገፈ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠው ጀመር። አሪየት እጇን አናቱ ላይ አደረገች።

«ወባ ይዞታል» አለች።

ጋትሉዋክ ቃሉን ያውቀው ስለነበር ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። የሽቦዎቹ ተራ ነበር የተዛባው፤ አንድ፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አራት እያልን አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ እየጎተትነው ነበር። ሁለቱን አቀያየርኩ። የሞተሩ ዘንግ እንደ ሰዓት ሰከንድ ቆጣሪ በልኩ ዞረ። አሪየት ወደኋላም ይሄድ እንደሆነ ጠየቀች። ተራውን ስንገለብጠው ወደኋላ ዞረ። ያን ቀን ሦስታችንም ምሳችንን ረስተን ዋልን።

ትሪዎቹን መግፋት ግን ሌላ ጣጣ ነበረው። መጀመሪያ ዘንጉን በገመድና በፑሊ አስጎተትኩት። መብራቱን ሳቋርጥ ሞተሩ ይላላና ትሪዎቹ በራሳቸው ክብደት ይመለሳሉ። መብራቱን ሳላቋርጥ ስተወው ደግሞ ሞተሩ ይግላል፤ በጋምቤላ ሙቀት ላይ ተጨምሮ እጅ አያስነካም። ባትሪውም ቀትር ሳይደርስ ያልቃል። አራት ቀን ታገልኩ። እንቁላሉ የሚመጣበት ሳምንት ገብቶ ነበር።

አምስተኛው ቀን ላይ አቶ ተሾመ ወርክሾፕ ውስጥ አቀርቅሬ አገኙኝ። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የመኪና ሰው ናቸው፤ ስለ ቺፕ መስማትም አይፈልጉም ነበር። ችግሩን በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገርኳቸው። እሳቸውም ወደ ጥግ አመለከቱ።

«መኪና በክሪክ አንሥተሽ እጅሽን ብትለቂው ይወርዳል?»

«አይወርድም።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል?»

ጥግ ላይ የተጣመመ ክሪክ ወድቆ ነበር። የክሪክ ብሎን ሲያዞሩት ይገፋል፤ ሲተዉት ባለበት ይቀራል። ብሎኑን በሞርሳ ይዘው በሴጌቶ የቆረጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ብሎኑ የሚዞርበትን ዳዶ ከትሪዎቹ ዘንግ ጋር አሠርነው፤ ሞተሩን ከነጥርሳም ጎማው ብሎኑ ጫፍ ላይ ተከልነው። አሁን ሞተሩ ሁለት ደቂቃ ያህል ይሠራል፣ መብራቱ ይቋረጣል፣ ትሪዎቹ ሦስት ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አይሉም። አንድ ባትሪ አራት ቀን ያደርስ ጀመር። አቶ ተሾመ ከዚያ ቀን ወዲህ «የኛ ማሽን» ይሉት ነበር።

እንቁላሉ መጣ፤ ሁለት መቶ። አሪየት አንድ በአንድ እያየች፣ የተሰነጠቀውን እየለየች ደረደረችው። በሩ ተዘጋ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሦስተኛው ሰዓት ማሽኑ ራሱ ሲነሣ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ አዳመጠች። ያን ሳምንት ጠዋት ጠዋት ሳገኛት ፊቷ የሌላ ሰው መስሎ ነበር። ስድስት ሌሊት በተከታታይ ተኝታለች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ረፋድ ላይ ወርክሾፕ ድረስ መጣች። በሸምበቆ ዘንግ ላይ ሁለት ምልክት በቢላ ቀርጻለች።

«ማሽንሽ ይዋሻል» አለችኝ።

«አይዋሽም። እርምጃውን ይቆጥራል። ወደ ቀኝ የሄደውን ያህል ወደ ግራ ይመለሳል።»

«ይቆጥር። አይሄድም።»

ትንሽ ተናደድኩ። ጋትሉዋክና እኔ ቁጥሩን ስንት ጊዜ አረጋግጠነዋል። ቢሆንም ተከትያት ሄድኩ። ሸምበቆውን ከትሪው ጫፍ እስከ ወለሉ አቆመችው። የላይኛው ምልክት የመጀመሪያው ቀን ማዘንበያ ነው፤ የታችኛው የዛሬው። በመካከላቸው አራት ጣት ይገባል። በግራ በኩል ትሪዎቹ ከሚገባው በላይ ይጋደማሉ፤ በቀኝ በኩል ጭራሽ ያዘነበሉ አይመስሉም።

ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ፤ ፊቴም ጋለ። ብሎኑ ላይ ያለው ግራሶ አቧራ ጠጥቶ ከብዷል፤ ስለዚህ ሞተሩ ወደ ቀኝ ሲገፋ አንዳንዴ ታዝዞ ሳይራመድ ይቀራል። ቺፗ ግን አታይም። አዘዝኩ፣ ሄደ ብላ ትመዘግባለች። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እርምጃ እየተሰረቀ እዚህ ደርሷል። ስንት ቀን በዚህ ሁኔታ እንደቆየ አላወቅሁም። እንቁላሎቹ ተጣብቀው እንደሆነም አላወቅሁም። አሪየትን ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷ ይቅርታውን አልሰማችውም፤ እጇ ዘንጉ ላይ ነበር። እስክትጠግኚው እኔ እገላብጣለሁ አለች።

ወርክሾፕ ውስጥ አንድ የሞተ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነበር። በሩ መዘጋቱን የሚያውቅባቸውን ሁለት ትንንሽ ስዊቾች ነቀልኩ፤ ያም «ለጥገና ተፈትቷል»። አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ፣ ትሪው በትክክል ሲያዘነብል እንዲነካቸው አድርጌ ተከልኩ። ጋትሉዋክ የሬዲዮ ሱቁን ዘግቶ መጣና ትእዛዙን ቀየርነው። ከእንግዲህ ቺፗ በቁጥር ብቻ አታምንም፤ ስዊቹ እስኪነካ ትገፋለች፤ ካልነካ ቀይ መብራት ታበራለች። ብሎኑን በላምባ አጥበን አዲስ ግራሶ ቀባነው። ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ለሥራው ተመለሰ። አሪየት ሸምበቆዋን አምጥታ ለካች። ከበሩ አጠገብም አቆመችው፤ በማግስቱም ለካች፤ በሠለስቱም።

አሥራ ስምንተኛው ቀን ላይ መገላበጡ ይቆማል። የቀረውን ሦስት ቀን ከመጠበቅ በስተቀር ለሰው የሚሠራ ነገር የለም። እኔ ወርክሾፕ ውስጥ አንድ ማራገቢያ ሦስት ጊዜ ፈታሁ፣ ሦስት ጊዜ ገጠምኩ።

በሃያ አንደኛው ቀን ጠዋት ከጣቢያው ዘበኛ መልእክት ደረሰኝ፤ አሪየት ቶሎ ነይ ብላለች። ስደርስ በሩ ላይ ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። በእጇ ዝም በይ አለችኝና ጆሮዬን ከጎኗ እንዳስጠጋ አሳየችኝ። መጀመሪያ የሰማሁት የላምባ ማንደጃውን ብቻ ነው። ቀጥሎ ጭው ጭው የሚል ቀጭን ድምፅ። አንድ ነው ስል ሁለት ሆነ፤ ሁለት ስል መቁጠር አልቻልኩም።

እስከ ምሽት ድረስ መቶ ስድሳ አንድ ጫጩት ተፈለፈለ። የእርባታው ኃላፊ የጫጩቶቹን ድምፅ ሰምተው መጡ። ማሽኑ የትም እንደማይሄድ የተናገሩት ገና ከበሩ ሳይገቡ ነው። አቶ ተሾመ አንዱን ጫጩት በሁለት እጃቸው አንሥተው ቆሙ፤ እጃቸው በግራሶ ጠቁሯል፣ ጫጩቱም ደረቱ ላይ ጥቁር ምልክት ወጣበት። ጋትሉዋክ ቺፗን ለማየት ክዳኑን ከፈተ። መጀመሪያ ያየው ጫጩቶቹን አልነበረም፤ የመሐንዲስ ነገር።

ከሳምንት በኋላ ጫጩቶቹ በካርቶን ታሽገው ወደ ጎግ ተጫኑ። አሪየትም ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ አብራቸው ሄደች። አዲስ እንቁላል ገብቶ ነበር፤ አደራውን ለእኔ ሰጠችኝ። አሥር ቀን ከእናቷ ጋር ቆየች። ስትመለስ ለእኔ የደረቀ ዓሣ፣ ለጋትሉዋክም የደረቀ ዓሣ፣ ለአቶ ተሾመም የደረቀ ዓሣ ይዛ መጣች። አቶ ተሾመ ጾም ላይ ነበሩ፤ ቢሆንም ተቀብለው እስከ ፋሲካ መሳቢያቸው ውስጥ አስቀመጡት። ወርክሾፑ ለአንድ ወር ዓሣ ዓሣ ሸተተ።

በዚህ ሙያ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሞተር፣ ብዙ ቺፕ በእጄ አልፏል፤ ለወጣት ባልደረቦቼ የማስተምራቸው ግን ያንኑ ነው። ማዘዝ ሌላ፣ መፈጸም ሌላ ነው። ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም ሄዳችሁ እዩ፤ ሁልጊዜ ማየት ካልቻላችሁ የሚያይላችሁ ስዊች ትከሉ። ማሽኑ አጠገብ የሚውለው ሰው ልክ አይደለም ካላችሁ ደግሞ፣ ከመከራከራችሁ በፊት ለኩ።